ዓመተ ዓለም 7518፦ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?



በዚህ በጥር ወር መጀመሪያ፣ ከመርካቶ ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥተን ወደ እህል በረንዳ ስንወርድ፣ ምስርና ሽምብራ የሚነግዱ አንዲት እናት አስቆሙኝ። በስልካቸው የደረሳቸውን ተንቀሳቃሽ ምስል አሳዩኝ። ተናጋሪው ዘመኑ 7518 ዓመተ ዓለም መሆኑን ይገልጽና ቁጥሩ በ7 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል፣ አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ማለትም ሦስት ጊዜ ሰባት እንደሚሆኑ፣ ከዚህም የተነሣ ዓመቱ “የተለየ” እንደሆነ በታላቅ ድምፅ ያስረዳል። እናታችን በጭንቀት፣ “ልጄ፣ እውነት ነው ወይ? ለልጆቼ ምን ልበላቸው?” ብለው ጠየቁኝ።

በዚያ በግርግሩ መካከል ቆሜ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ፣ ቁጥሩ በእርግጥ ምን ምን ጠባይ እንዳለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ቁጥር በየዓመቱ ለምን እንደምታካፍለውና እንደምትገድፈው ሰፋ አድርጎ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት መጣ? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር በተያያዘ፣ ከአዳም እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዘመን ይቆጠራል። ይህ ዓመተ ፍዳ ወይም ዓመተ ኵነኔ ይባላል። ከልደት ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። የያዝነው 2018 ዓመተ ምሕረት በ5500 ላይ ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ፸፭፻፲፰ ነው፤ ሰባ አምስት መቶ ከዐሥራ ስምንት ማለት ነው። ግእዝ ለሺህ የተለየ ምልክት ስለሌለው በመቶ ይቈጥራል። አንዳንድ ጊዜ በግድግዳ ላይ በሚሰቀሉ የዘመን መቁጠሪያዎች ፯፭፩፰ ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ይህ ግን ሰባት፣ አምስት፣ አንድ፣ ስምንት ተብሎ የሚነበብ አራት የተለያየ ቁጥር እንጂ 7518 አይደለም።

ቁጥሩ እንደ ቁጥር ሲመረመር

ትምህርት ቤት በተማርነው ሒሳብ እንጀምር። 7518 ሙሉ ቁጥር ነው፤ ለሁለት እኩል ይከፈላል። በ3ም ይካፈላል፤ ማንኛውም ቁጥር አኃዞቹ ተደምረው በ3 ከተካፈሉ እርሱም በ3 ይካፈላልና። በ7ም ይካፈላል፤ 7 ጊዜ 1074 ነው። እስከ መጨረሻው ሲበተን 2፣ 3፣ 7 እና 179 እርስ በርስ ሲባዙ የሚሰጡት ውጤት ሆኖ ይገኛል። እነዚህ አራቱ ከአንድና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ፣ ብቸኛ ቁጥሮች የሚባሉ ናቸው።

የጥንት ሊቃውንት ደግሞ ቁጥሮችን በሌላ መንገድ በሦስት ወገን ይከፍሏቸው ነበር። አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ከእርሱ የሚያንሱ ቁጥሮች ሁሉ ተደምረው ከቁጥሩ ጋር እኩል ቢሆኑ “ፍጹም”፣ ቢበልጡ “ትርፍ ያለው”፣ ቢያንሱ “ጎደሎ” ይሉታል። 6 ፍጹም ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ ስድስት ይሆናሉና። ቀጣዩ ፍጹም 28 ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ እርሱኑ ይሰጣሉ። ይህን 28 ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የእኛ 7518 ግን አካፋዮቹ ሲደመሩ 9762 ስለሚሆኑ ትርፍ ካላቸው ወገን ነው።

አሁን የጎረቤቶቹን እንመልከት። ያለፈው ዓመት 7517 ብቸኛ ቁጥር ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። የሚመጣው 7519 ደግሞ 73 በ103 ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ጎደሎ ከሚባሉትም ነው። እንግዲህ ምሥጢር በዚህ መንገድ የሚፈለግ ቢሆን አምና ስለ “ብቸኝነት”፣ ለከርሞም ስለ “ጉድለት” ሊሰበክ በተቻለ ነበር። በ7 መካፈልም ብርቅ አይደለም። 7511 በ7 ተካፍሏል፤ እርሱም 2011 ዓ.ም. ነበር። 7525ም ይካፈላል፤ ሰባት ሰባት ዓመት እየቆጠረ ሁልጊዜ ይመጣል። በእህል በረንዳ ከተደረደሩ ጆንያዎች እያንዳንዱን ሰባተኛ ጆንያ እየነጠሉ “ይህኛው የተለየ ነው” እንደማለት ነው።

ባሕረ ሐሳብ ቁጥሩን እንዴት ይጠይቀዋል?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ታቀርብለታለች። መልሱ ያለው ከተካፈለ በኋላ በሚተርፈው ላይ ነው።

የመጀመሪያው በ4 ማካፈል ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስት ቀን ስለምትሆን መጠነ ራብዒት ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቀን እንዳለፈ ይቈጥርልናል።

ሁለተኛው የሳምንቱን ቀን መፈለግ ነው። አንድ ዓመት 365 ቀን፣ ማለትም 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ፣ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይራመዳል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ግን ሁለት ቀን። ስለዚህ ዓመተ ዓለምና መጠነ ራብዒት ይደመራሉ፤ 7518 እና 1879 ድምራቸው 9397 ነው። በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ውሏል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ 7518 ራሱ በ7 ያለ ቀሪ መካፈሉ በዚህ ስሌት አንዳች ለውጥ አላመጣም። የአባቶች ጥያቄ ተጨማሪዎቹን ቀናት ያካተተ ነውና በምስሉ የተነገረለት “ሰባት” ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል።

ሦስተኛው በ19 መግደፍ ነው። 19 ጊዜ 395 7505 ስለሆነ 13 ይተርፋል። የያዝነው ዓመት ገና አልተፈጸመምና አንዱ ይነሣለታል፤ የዓመቱ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበር የጨረቃን ነገር የሚያወጣልን ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን (132) በ30 ብንገድፈው 12 አበቅቴ ይገኛል፤ በ19 አባዝተን (228) በ30 ብንገድፈው 18 መጥቅዕ ይገኛል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ ይህም ስሌታችን ትክክል መሆኑን የምንፈትንበት ነው።

11 ለምን ሆነ? ይህን ለማስረዳት ከመርካቶ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነጋዴውም የሁለቱንም ጾም ገበያ ያውቃል። ሙስሊም ወገኖቻችን የሚቆጥሩት በጨረቃ ብቻ ነው፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነውና ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ የመርካቶ ነጋዴ ረመዳን ክረምት ላይም በጋ ላይም ሲውል አይቷል። በፀሐይ 365ና በጨረቃ 354 መካከል ያለው ይህ 11 ቀን ነው በእኛ ሒሳብ አበቅቴ የሚባለው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ስለምትይዝ 11ዱን ትሰበስባለች፤ 30 ሲሞላም እንደ አንድ ወር ትጥለዋለች። በዚህም ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ ሳይወጣ፣ በዚያው ወቅት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል።

በትውፊታችን ይህን ቀመር የገለጠው ዐሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ መታሰቢያው ጥቅምት 12 ይውላል። ወይን ሲያለማ የኖረ፣ በትምህርት ያልታወቀ ሰው ነበር። ጾምና በዓላት ከየዕለታቸው ሳይናወጡ፣ ነነዌና ዐቢይ ጾም ሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ እሑድ፣ ስቅለት ዓርብ፣ ዕርገት ሐሙስ ይውሉ ዘንድ በጾምና በጸሎት ሲመኝ፣ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲገባ በመልአክ ተነገረው። 23 ሱባዔ 161 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11። 7 ሱባዔ 49 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19። እነዚህ ጥንተ አበቅቴና ጥንተ መጥቅዕ ናቸው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ራሱ 14 ቢሆንስ? እኔም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ጠይቄ መምህሬ “ሠርተህ ፈልገው” አሉኝ። ከ19ኙ ወንበሮች የሚወጡትን መጥቅዓት በሙሉ ጽፌ ስጨርስ 14 ከመካከላቸው አልተገኘም። ፈጽሞ አይወጣም።

የዘንድሮው 18 ስለሆነ መስከረም 18 ላይ ይውላል። ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 መባጃ ሐመር ይሆናል፤ መጥቅዕ በመስከረም ስለዋለም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል። የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ነው፤ 25 እና 14 ተደምረው ሠላሳው ሲገደፍ የካቲት 9። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ በዚያው መንገድ ሚያዝያ 4።

532

እስካሁን ቁጥሩን በ4፣ በ7 እና በ19 ጠየቅነው። ሦስቱ መልሶች አንድ ላይ ሆነው የሚደገሙት መቼ ነው? መልሱን ዕቁብ የሚጥል ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። አንዱ ዕቁብ በየ4 ቀን፣ ሌላው በየ6 ቀን ቢጣል፣ ዛሬ አብረው ከዋሉ በ12ኛው ቀን እንደገና ይገናኛሉ፤ 24 መጠበቅ አያስፈልግም፤ 4 እና 6 ሁለትን ይጋራሉና። አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ7 ቢሆን ግን የሚጋሩት አካፋይ ስለሌለ እስከ 28 ድረስ አይገናኙም። ይህ 28 ቀደም ብለን ያገኘነው ፍጹም ቁጥር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ ይለዋል። ወንጌላዊውና ዕለቱ ተያይዘው የሚመለሱት በየ28 ዓመቱ ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ነውና ከ28 ጋርም የሚጋራው የለም፤ ስለዚህ ሦስቱ የሚገናኙት 28 በ19 ሲባዛ፣ በ532 ዓመት ነው። ይህ ዐውደ ቀመር ነው። በመካከል ደግሞ 76 ዓመት አለ፤ ዐውደ ማኅተም ይባላል። 19 ዓመት በፀሐይ ሲቈጠር ሩብ ጎድሎት 6940 ቀን ስለሚሆን ሙሉ ቀን አይሰጥም፤ አራት ጊዜ ሲታጠፍ ግን 27759 ቀን ይሆናል። ዐውደ ቀመር ደግሞ የዚህ ሰባት እጥፍ ነው፤ ሲቈጠር በትክክል 27759 ሳምንት ሆኖ ይገኛል። 76 ዓመት የያዘው የቀን ቁጥርና 532 ዓመት የያዘው የሳምንት ቁጥር አንድ ሲሆኑ አይቶ የማይደነቅ የሒሳብ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

7518 በ532 ሲገደፍ 14 ቀመር አልፎ 70 ይተርፋል። እንግዲህ ያለነው ከ1949 ዓ.ም. በጀመረው በ15ኛው ዐውደ ቀመር፣ በ70ኛው ዓመት ላይ ነው። ነቢዩ ዳንኤልን የሚጠቅስ ተናጋሪ ይህን 70 ቢያገኘው ምን ሊልበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም! ይሁን እንጂ ይኸው 70ኛ ዓመት ከዚህ በፊት በ1486 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ፍጻሜ ውሎ ነበር። ያን ጊዜም ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነበሩ።

ይህን 532 የምናውቅ እኛ ብቻ አይደለንም። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያዊው መነኵሴ አንያኖስ ተጠቅሞበታል፤ በምዕራብም በ457 ዓ.ም. እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የአኪታንያው ቪክቶርዮስ የትንሣኤን ሰንጠረዥ በእርሱ ሠርቷል። በአገራችንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. ባሳተሙት “ባሕረ ሐሳብ” በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን ዕውቀት ከታሪክ ጋር አያይዘው አቅርበውልናል። በሥነ ፈለክ ልኬት ከተመዘነ፣ 19 ዓመቱና 235ቱ የጨረቃ ወራት ፍጹም እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱ ተጠራቅሞ አንድ ቀን የሚሞላው ግን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእጅ ጣትና በቃል ለሚሠራ ሒሳብ ይህ አስደናቂ ትክክለኛነት ነው።

ስምንተኛው ሺህ

እናታችን ካስጨነቃቸው ነገር አንዱ “ስምንተኛው ሺህ ደረሰ” የሚለው ነበር። ሒሳቡ ይህ ነው፤ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ የጀመረው በመስከረም 1501 ነው፤ ከ500 ዓመት በፊት! አባቶቻችንም ይህን ቁጥር ፈርተው ነበር። በ1500 ዓ.ም. ያረፉት ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ይለምኑ እንደነበር ይተረካል። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ዘመን መከራ ነበረበት፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሴው ሳይታጎል፣ ልጆች እየተጠመቁ፣ ትንሣኤ ከ500 ጊዜ በላይ ተከብሯል። ጌታችን ስለዚያች ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነግሮናል (ማቴ. 24፥36)፤ ሐዋርያትም በዕርገቱ ቀን ይህንኑ ሲጠይቁ ዘመናትን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጠ ተነግሯቸዋል (ሐዋ. 1፥7)። 7518ን በምንም ብናካፍለው፣ ጌታ ለሐዋርያት ያልገለጠውን ከቀሪው ልናገኝ አንችልም።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት አለ። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት መጻሕፍት አንዱ ዐውደ ነገሥት ነው። እርሱም የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ ይደምራል፤ ይገድፋል፤ ከሚተርፈውም “ኮከብህ ይህ ነው” ይላል። አሠራሩ ከባሕረ ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ይገድፋሉ፤ የዋሃንን የሚያሳስተውም ይህ መመሳሰል ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚቈጥረው በፍጥረት ያለውን የፀሐይና የጨረቃን ዑደት ነው (ዘፍ. 1፥14)፤ ውጤቱን ማንም ሰማይን አይቶ ይፈትነዋል። የስም ቁጥር ግን በምን ይፈተናል? እናት ልጇን በሌላ ስም ብትጠራው ኮከቡ ይለወጣል ማለት ነውን? ጥንቈላ መሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ ከልክሎናል (ዘዳ. 18፥10)። ካህናት ሳይቀሩ ይህን መጽሐፍ ከባሕረ ሐሳብ አጠገብ አስቀምጠው ማየት ያሳዝነኛል፤ ምእመናን ሁለቱን አንድ አድርገው ቢያዩ በእነርሱ የሚፈረድ አይሆንም።

በዚያ ቀን ለእናታችን ይህን ሁሉ አልዘረዘርሁላቸውም። ስሌቱን በሽምብራ ፍሬ ቆጥሬ አሳየኋቸው፤ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 እንደሚገባ ነገርኋቸው። ፊታቸው ተፈታ፤ ወዲያውም ወደ ሥራቸው ተመለሱና፣ “እንግዲያ የጾም ምስር ከአምናው ቀድሞ ይፈለጋል ማለት ነው” አሉ። ልክ ናቸው፤ አምና ነነዌ የገባው የካቲት 3 ነበር። “ለከርሞስ?” ሲሉኝ 7519ን ወሰድን። በ19 ሲገደፍ 14 ተርፎ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል። ሰባት ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነውና መባጃ ሐመሩ 15። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም.።

ቀኖቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ከሚዛኑ በላይ ሰቀሏቸው።